ስቲከሩን የሠራችው የእኔ ልጅ ናት

«ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዲስ አበባ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። አክስቷ ከሪያድ ስልክ ላከችላት። የቤት ሥራው ሁሉ በቴሌግራም ስለሚመጣ እኔም እሰይ ብዬ ሰጠኋት። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ተጠራሁ። አንዲት የክፍላቸው ልጅ እያለቀሰች የተነሳችውን ፎቶ ስቲከር አድርገው፣ የስድብ ቃል ጽፈውበት፣ በክፍሉ ግሩፕ ሲቀባበሉት ከርመዋል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሦስት ቀኗ ነው። ሁሉንም ወላጅ የጠሩ መስሎኝ ነበር። ለካ ስቲከሩን የሠራችው የእኔ ልጅ ናት። ቤት ገብቼ ስልኳን ስፈትሽ ሌላ ጉድ አገኘሁ። የማላውቀው ሰው ‹ከክፍላችሁ ግሩፕ ነው ያገኘሁሽ፣ ቆንጆ ነሽ፣ ሌላ ፎቶ የለሽም?› እያለ ይጽፍላታል። ያን ቀን ገረፍኳት። ስልኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። አባቷ ሽጪው ይላል። ትምህርት ቤቱ ‹እኛ ስልክ ግዙ አላልንም› ይላል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እንደምን አለሽ?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ልክ እንዳንቺው በልጅሽ ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ልጅሽ በአንድ ቀን በዳይም ተበዳይም ሆና ነው የተገኘችው። ስቲከር ሠርታ ሰው አስለቅሳለች። እሷን ደግሞ አንድ የማይታወቅ ሰው እያጠመዳት ነበር። አንቺ ሁለቱንም በአንድ ቀበቶ መታሽው። የሠራችውንም፣ የተሠራባትንም።

በሰው ላይ ስታፌዝ እንደምትቀጣ አውቃለች። እሱ ይሁን። ሰው ሲተናኮላትም እንደምትቀጣ ግን አብራ አውቃለች። እኔን ያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ነገ ሌላ ሰው ሲጽፍላት ለማን ትናገር?

አልፈርድብሽም። እኔም ቆልፌያለሁ። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ወርክሺቱ በቴሌግራም መምጣት ጀመረ፤ የእኔ ስልክ የልጄ ስልክ ሆነ። ከወርክሺቱ ጎን ፍሪ ፋየር የሚባል ጨዋታ ገባ። አንድ ሌሊት ብርድ ልብሱ ውስጥ መብራት አየሁ። ነጠቅኩት፤ በፓተርን ዘጋሁት፤ ለጎረቤት ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ። ልጁ ለካ የጎረቤታችንን ዘበኛ ስልክ ሲጫወትበት ኖሯል። ክፍያው የአሥር ብር ካርድ ነው። ጨዋታው ውስጥ አንዱ «ነፃ ዳይመንድ ልላክልህ፣ የሚመጣልህን ኮድ ብቻ ንገረኝ» አለው፤ ዳይመንድ የጨዋታው ገንዘብ ነው። ነገረው። ኮዱ የዘበኛው የቴሌግራም መግቢያ ነበር። በማግስቱ በዘበኛው ስም አገር ቤት ላሉ ዘመዶቹ «ታምሜያለሁ፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ሄደ። እኔ የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ያውም ከዘበኛው አፍ። ልጄን «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ስልኩን ከየት አመጣኸው ልትዪኝ ነዋ!» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ስልኩን ቆልፎ ማስቀመጥም ሆነ መሸጥ የሚያመጣውን አውቀዋለሁ። ልጅቷ ሌላ ስልክ ታገኛለች። የምታጣው የምትነግረውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከሰውየው እንጀምር፤ እሱ አይቆይም።

ዛሬውኑ ስልኩን ከቁም ሳጥኑ አውጪው። ልትመልሺላት አይደለም፤ ማስረጃው እሱ ውስጥ ስላለ ነው። ቴሌግራም ላይ ሁለት ሰዎች በግል የተጻጻፉትን አንደኛው ከፈለገ ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ሰውየው መልስ ሲያጣ ነቅቶ ካጠፋው አንቺም ጋር ምንም አይቀርም። ስለዚህ ቶሎ ስክሪንሹት አንሺ። ከመጀመሪያው «ሃይ» እስከ መጨረሻው፣ ቀንና ሰዓቱ እየታየ። ከዚያ ስሙን ተጭነሽ ፕሮፋይሉን፣ ዩዘርኔሙን፣ የሚታይ ከሆነ ስልክ ቁጥሩን አንሺ። ሁሉንም ወደ ራስሽ ስልክ ላኪው። ሪፖርትና ብሎክ ከዚህ በኋላ ነው።

እሷን መስለሽ አትጻፊለት። ይሄን የምለው ስንት እናት ስታደርገው ስላየሁ ነው። «የት እንገናኝ?» ብለው ይጽፉና ወንድማቸውን አስከትለው ካፌ በር ላይ ሊጠብቁት ይሄዳሉ። ሰውየው ወይ አይመጣም፣ ወይ ጠብ ይነሳል። ማስረጃውም ይበላሻል።

ቀጥሎ ከባዱ ነው። ፎቶ ልካለት እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አትጠይቂያት፤ ችሎት ይመስልባታል። ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ እጃችሁ ሥራ ይዞ ቢሆን ይሻላል። ሽንኩርት እየከተፋችሁ በያት። መጀመሪያም ይቅርታ ጠይቂያት። እንዲህ በያት፦ «ያ ሰውዬ ስለጻፈልሽ መምታቴ ልክ አልነበረም። አንቺ አላጠፋሽም። የስቲከሩ ነገር ሌላ ነው፤ እሱን ለብቻው እናወራዋለን።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል። አንቺ ቀድመሽ አትሙዪው።

«አዎ፣ ልኬለታለሁ» ካለችሽ አትጩሂ። ድስቱን አማስዪ። ምን ዓይነት ፎቶ እንደሆነ በቀስታ ጠይቂያት። የገላ ፎቶ ከሆነ ወይም «ካልላክሽልኝ እለጥፈዋለሁ» ካላት ገንዘብም ሌላ ፎቶም አይላክለትም። የሚያስፈራራ ሰው ሲሰጡት አይጠግብም። ማስረጃሽን ይዘሽ በአቅራቢያሽ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል ጠይቂ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 በቀጥታ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ ስለሚፈጸም እንዲህ ያለ ድርጊት ነው የሚናገረው። ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ያዢው። «የፌስቡክ ጠብ ነው» ብሎ ሊመልስሽ የሚሞክር አይጠፋም።

ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎትም አለ። አሜሪካ ያለው የጠፉና የተበዘበዙ ሕጻናት ብሔራዊ ማዕከል ነው የሚያካሂደው። ፎቶው ከስልክሽ አይወጣም። እዚያው ስልኩ ላይ ለፎቶው እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ይሠራለታል፤ የሚላከው ቁጥሩ ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉት ያ ፎቶ ሲለጠፍ በአሻራው ለይተው ያነሱታል። ሁሉም መተግበሪያ አልገባበትም፤ ቢሆንም ብዙ ይረዳል።

የልጆችን ወሲባዊ ብዝበዛ የሚታገለው ኤክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በፈረንጆቹ 2022 ስለ ኢትዮጵያ ልጆች በጋራ ያወጡት ጥናት ነበር። እሱ እንደሚለው ብዙ ልጆች በኢንተርኔት የደረሰባቸውን ለማንም ሳይናገሩ ይቀራሉ። አድራሹም ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ሰው ነው። ስለዚህ «የማላውቀው ሰው» ያልሽውን ትንሽ ተጠራጠሪው። አንቺ ባታውቂውም የአንዱ ልጅ ታላቅ ወንድም ሊሆን ይችላል። የሰርቪሱ ረዳትም ሊሆን ይችላል። «ከክፍላችሁ ግሩፕ ነው ያገኘሁሽ» ብሏላ።

ይቺ ዐረፍተ ነገር ናት ደብዳቤሽ ውስጥ የቆረቆረችኝ። የሰባተኛ ክፍል ግሩፕ ውስጥ እሱ ምን ይሠራል?

የግሩፑን ስም ተጭነሽ እዪው። ፐብሊክ ከሆነ ማንም ሰው ፈልጎ አግኝቶ ይገባል። ፕራይቬት ሆኖም ሊንኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞሮ ይሆናል። የአባላቱን ቁጥር እዪ። ክፍሉ ውስጥ 48 ልጅ ተቀምጦ ግሩፑ ውስጥ 71 ሰው ካለ፣ 23ቱ እነማን ናቸው? አድሚኑ ፐብሊኩን ዘግቶ፣ የድሮውን ሊንክ ሰርዞ፣ አዲስ ገቢ ሁሉ ሲፈቀድለት ብቻ እንዲገባ ማድረግ ይችላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አድሚኑ ማነው? ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የክፍሉ አለቃ ነው። የ13 ዓመት ልጅ።

የልጅሽን ቴሌግራም ግን አብራችሁ አስተካክሉት። ሴቲንግ ገብታችሁ ፕራይቬሲ የሚለውን ክፈቱ። ስልክ ቁጥሯን ማንም እንዳያይ፤ በቁጥሯ የሚያገኛት የምታውቀው ሰው ብቻ እንዲሆን። ግሩፕ ውስጥ የሚጨምራትና የሚደውልላትም እንደዚያው። የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉን አብሩት። ዲቫይስ የሚለው ውስጥ ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ እንደሆነም ተመልከቱ። ስልኩን ከቆለፍሽው ወዲህ ከሌላ ስልክ ገብታ ብታገኚያት አትደነቂ። የእኔን የዘበኛ ታሪክ አስታውሺ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ወላጅ ሲያመልጠው ስለማይ ነው። የልደት ዓመቷን እዪ። ልጅሽ በእኛ 2005 ከተወለደች አካውንት ስትከፍት ምን ብላ ትሞላለች? 2005። ስልኩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ስለዚህ የ13 ዓመቷን ልጅ ሃያ ያለፋት ሴት አድርጎ ይመዘግባታል። ውሸት አልዋሸችም፤ ቀን መቁጠሪያው ነው ያሳደጋት። ቲክቶክ ዕድሜዋ ከ16 በታች መሆኑን ሲያውቅ አካውንቷን ራሱ የግል ያደርገዋል፤ በግል መልእክት መጻጻፍን ይዘጋል። ከ18 በታች ላሉት በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ ያስቀምጣል። ለ«ሃያ ዓመቷ ሴት» ግን ይሄ ሁሉ የለም። አካውንቱን ዘግቶ በትክክለኛው ልደት እንደገና መክፈት ነው። ተከታዮቼን አጣሁ ብላ ታለቅሳለች። ታልቅስ።

አሁን ወደ ስቲከሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ደግሞ አላባብልሽም።

ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ አለች። ለሷ ያ ስቲከር ቀልድ አይደለም። ስትተኛም ስትነሳም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ፊቷን ታያለች። ድሮ እኛ ስንሰዳደብ ደወል ሲደወል ያበቃ ነበር። ይሄ ቤት ድረስ፣ አልጋ ድረስ ይከተላል።

መጀመሪያ ልጅሽ በገዛ እጇ ታጥፋው። ስቲከር ፓኩን የሠራው ሰው ራሱ ማጥፋት ይችላል፤ ስቲከርስ በሚባለው የቴሌግራም ቦት (ትእዛዝ ሲጽፉለት በራሱ የሚሠራ አካውንት) ነው። አንቺ አጠገቧ ተቀመጪ እንጂ ስልኩን አትቀበያት። ግሩፑ ውስጥ የተላኩትን አድሚኑ ለሁሉም እንዲያጠፋቸው ትጠይቅ። በየሰው ስልክ የቀረውን ግን መመለስ አትችልም። ይሄንንም እወቂው በያት። ሳታለዝቢ።

ከዚያ ይቅርታው ነው። ግሩፕ ላይ «ሁላችሁንም ይቅርታ» ብላ ሁለት የተጋጠሙ እጆች ብትለጥፍ ይቅርታ አይባልም። እኛ ትልልቆቹ ስንበዳደል ሽማግሌ እንልካለን፤ ሰው ቤት ሄደን እንቀመጣለን። ልጅም ቢሆን እንደዚያው ነው። አስቀድመሽ የልጅቷን እናት ደውለሽ አስፈቅጂ። «አሁን አትምጡ» ካለችሽ እሺ በይ፤ መብቷ ነው። ከፈቀደች አብረሽ ሂጂ። ልጅሽ የሠራችውን በስሙ ትጥራው፤ «ፎቶሽን ወስጄ፣ ይሄን ጽፌበት፣ ላክሁት።» «ቀልድ ነበር» የምትለው ቃል ከአፏ እንዳትወጣ። አንቺም አታልቅሺ፣ አትማጸኚ። ቪዲዮ የሚባል ነገር ደግሞ እንዳይነሳ። ልጁን እያስለቀሰ ይቅርታ የሚያስጠይቅና የሚለጥፍ ወላጅ አይቻለሁ። ያው ስቲከር ነው፤ ሠሪው ተቀየረ እንጂ።

ሕጉንም ንገሪያት፤ ለማስፈራራት ሳይሆን እንድታውቀው። በወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ግን ጭራሽ ነፃ አይደለም። እንደ ትልቅ ሰው አይታሰርም እንጂ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል።

ደግሞስ ከማን ተማረችው? ሰሞኑን እኛ ሰፈር የዕድሩ ግሩፕ ላይ አንድ ሰክሮ ቦይ ውስጥ የወደቀ ጎረቤታችን ቪዲዮ ተለቀቀ። የምናውቀው ሰው ነው፤ ልጆች አሉት። የሳቀው ሰው ብዛት! «አውርዱት» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ዘግይቼ ነው የጻፍኩት። የዚያ ሰውዬ ልጅ የአንዳችን ልጅ ክፍል ውስጥ ይማራል።

ለትምህርት ቤቱ የምትመልሺው ይሄ ነው። «ስልክ ግዙ አላልንም» ማለት አይቻልም። ማታ ሦስት ሰዓት የቤት ሥራ በቴሌግራም የሚልክ ትምህርት ቤት ስልክ ግዙ ብሏል። ጠብ አታንሺ። ከሁለት ሦስት ወላጅ ጋር ሆናችሁ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ። የቤት ሥራ በቻናል ይላክ፤ ቻናል ላይ የሚለጥፈው መምህሩ ብቻ ነው፣ በወላጅ ስልክም ይታያል። ልጆቹ የሚያወሩበት ግሩፕ ካለ አንድ መምህርና አንድ ወላጅ አድሚን ይሁኑበት፤ ማታ ይዘጋ። ቴሌግራም ላይ አድሚኑ መጻፍን ማቆም ይችላል። ሌላም ጠይቁ፦ ያ የማልቀስ ፎቶ የተነሳው የት ነው? ግቢ ውስጥ ከሆነ ያን ሰዓት ማን ነበር? ልጅቷ ለምን ታለቅስ ነበር? ይሄን እስካሁን ማንም የጠየቀ አልመሰለኝም።

ስልኩን መልሺላት፤ ግን ከይቅርታው በኋላ፣ በስምምነት። ማታ ሁሉም ስልክ ሳሎን ይሰካል። የአባቷም። በተለይ የአባቷ። መኝታ ቤት ይዞ የሚገባ አባት ካለ ሕጉ በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል። ፋሚሊ ሊንክ የሚባለው የጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ መተግበሪያ ነፃ ነው፤ ለትንሹ ልጅሽ ከአሁኑ ጫኚለት። የሚያወርደውን መተግበሪያ ትፈቅጃለሽ፣ ሰዓት ትወስኛለሽ። ቴሌግራም ውስጥ የተጻፈውን ግን አያነብልሽም። ለትልቋ የሚጠቅማት ሌላ ነው፦ «የሚያስጨንቅ ነገር ይዘሽ ስትመጪ ስልክሽን አልወስድም» የሚል ቃል። ቃልሽን አንዴ ካፈረስሽው ሁለተኛ አትመጣም።

አክስቷንም ንገሪያት። ስልኩን የላከችው ናፍቃት ነው፤ በኢሞ ስትደውል ልጅቷ ለምን እንደማትነሳ ማወቅ አለባት። ከአንቺ የሸሸገችውን ለአክስቷ ትነግር ይሆናል። አትቅኚ።

የራስሽንም ገጽ እስቲ እዪው። የትምህርት ቤቱ ዓርማ ያለበት ዩኒፎርም ለብሳ፣ ስሟ ከነክፍሏ ተጽፎ የቆመችበት ፎቶ ካለ አንሺው። አስፈቅደሻት ነበር?

ከዚያች ልጅ ቤት ስትመለሱ ጻፊልኝ። ትምህርት ቤት ተመልሳ እንደሆነም ንገሪኝ።